«እየሠራሁ ነው»፦ ሥራችንና የማይለቅ ሕመም



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ስንገናኝ «ጤናሽ እንዴት ነው?» እንባባላለን። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እየሠራሁ ነው።» ጠያቂዋም «ተመስገን» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ታልፋለች። የተጠየቀው ስለ ጤና፣ የተመለሰው ስለ ሥራ መሆኑን ማናችንም ልብ አንለውም።

ይህ ከስደት የመጣ ብቻ አይደለም። አገር ቤትም ሰው ታመመ ለማለት «ተኝቷል»፣ «አልጋ ይዟል» እንላለን፤ ሲሻለው ደግሞ «ተነሣ» ይባላል። መታመም መተኛት፣ መዳን መነሣት ነው ብለን ነው ያደግነው። ለወባና ለተስቦ አባባሉ ልክ ነበር። እነርሱ ሰውን ይጥሉታል፤ ከዚያ ወይ ይገድላሉ፣ ወይ ይለቃሉ። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ግን ስለማይጥለውም ስለማይለቀውም ሕመም ነው። ስኳር፣ ደም ብዛት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ የመሳሰሉትን ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም ይሏቸዋል። እነዚህን የያዘች ሴት ቆማ ትሄዳለች፤ ትሠራለች፤ ትስቃለች። ታዲያ «እየሠራሁ ነው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ያታልለናል።

ደም ብዛት ያለባት እኅት ሦስት ክፍል ወልውላ፣ ምንጣፍ አራግፋ፣ ለአሥር እንግዳ ምግብ ሠርታ ልታድር ትችላለች። በዚያው ሰዓት ግፊቷ ቢለካ 170 በ100 ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት የዓለም ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ደም ብዛት ነበረባቸው፤ ከእነዚህም 46 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው እንኳን አያውቁም ነበር። ይህ የሆነው ሁሉም ቸልተኛ ስለሆነ አይደለም። በሽታው ስለማያም ነው። ብዙዎቻችን «ቢኖርብኝ ራሴን ያመኝ ነበር» እንላለን። ራስ ምታት ከእንቅልፍ ማጣትም፣ ከማጽጃ ሽታም፣ ከለቅሶም ይመጣል። ደም ብዛት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይናገር ዓመታት ይቆይና ልብን፣ ኩላሊትንና ዓይንን ይጎዳል። አንዳንድ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ግማሽ አካሉ ሲደነዝዝና አፉ ሲተሳሰር ነው።

ስኳር ትንሽ ይናገራል፤ ነገር ግን ንግግሩን ለሥራው እንሰጥበታለን። ውኃ ጥም ሲበዛ «ሙቀቱ ነው» እንላለን። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት መነሣት ሲመጣ «ብርድ መታኝ» ይባላል። ሰውነት ሲቀንስ «ሥራው ነው ያከሳኝ»፣ ዓይን ሲደበዝዝ «እንቅልፍ አልጠገብኩም» እንላለን። ማዳም በበኩሏ «ሽንት ቤት ታበዛለች፣ ሰንፋለች» ትላለች። እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ያልፋል። ነገሩን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። ሳይበሉ ጠዋት የተለካ ስኳር በሁለት የተለያዩ ቀናት 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ይባላል። አንዳንድ አገር መሣሪያው የሚያሳየው 7.0፣ 9.5 የሚል ትንሽ ቁጥር ነው፤ በ18 ስታባዙት እኛ የምናውቀውን ቁጥር ይሰጣችኋል። ደም ግፊት ደግሞ በተለያየ ቀን ተለክቶ በተደጋጋሚ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ብዛት ነው። አንድ ቀን በድንጋጤ ከፍ ብሎ ቢገኝ ገና ፍርድ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን የአንዲት እኅት ታሪክ ነው። ስሟን አንጠራም፤ እንድንነግራችሁ ግን ፈቅዳልናለች። እዚህ ሊባኖስ በአንድ ቤት የማዳሟን እናት፣ «ቴታ» የሚሏቸውን አሮጊት፣ ስታስታምም አራት ዓመት ሆኗታል። ቴታ ስኳር አለባቸው። በየጠዋቱ ጣታቸውን ወግታ የምትለካው እርሷ ናት። ቁጥሩን በደብተር ትጽፋለች፤ ኪኒናቸውን በሰዓቱ ትሰጣለች፤ ጨው የሌለው ምግብ ትሠራለች፤ እግራቸውን አጥባ በጣቶቻቸው መካከል ታደርቃለች። አንድ ቀን እንደ ጨዋታ የራሷን ጣት ወጋችና ለካች። መሣሪያው 280 አለ። ተበላሽቷል ብላ የቴታን ለካች፤ 140። እንደገና የራሷን ለካች፤ 276።

ለማንም አልተናገረችም። «ቢያውቁ ወደ ቢሮ ይመልሱኛል፤ ቢሮው ደግሞ ወደ አገሬ። እዳዬን ሳልጨርስ?» አለች። ሐሳቧ እዚህ ላይ ነበር፤ ጤናዋ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ራሷ መላ መታች፤ ከቴታ ኪኒና አንድ አንድ እያነሣች መዋጥ ጀመረች። ያ ኪኒና ስኳርን በኃይል ከሚያወርዱት ወገን ነበር። አንድ ሐሙስ ለእንግዳ ቤቱ ሲጸዳ፣ ቁርስ ሳትበላ ኪኒናውን ውጣ፣ በረንዳ ስታጥብ ተንቀጠቀጠች፤ በላብ ተጠመቀች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አታስታውስም። ደግነቱ ወደ ውስጥ ነው የወደቀችው።

ማዳም ሐኪም ቤት ወሰደቻት። የተቆጣችው በሕመሙ ሳይሆን በመደበቋ ነበር። የምርመራውን ገንዘብ ግን ከሁለት ወር ደሞዟ ቆረጠች። ይህ አግባብ አይደለም፤ ሆኖም ሥራዋን አላጣችም። ዛሬ የራሷ መድኃኒት አላት፤ ከቴታ ጋር አንድ ሰዓት ላይ ይበላሉ፤ ሁለቱም በአንድ ደብተር ይጻፋሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ሳንዘነጋ እንለፍ። የሌላ ሰው መድኃኒት አይወሰድም፤ አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይጥላል። ጣት የሚወጋበት መርፌም አይዋዋስም፤ በዓይን የማይታይ ደም ጉበት የሚጎዳውን ቫይረስ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል።

እኛን ያስገረመን ግን ሌላ ነው። ይህች እኅት ስለ ስኳር ምን መደረግ እንዳለበት ከብዙ ሰው የተሻለ ታውቅ ነበር፤ በየቀኑ ለሰው ታደርገዋለች። ለራሷ ስትሆን ግን እውቀቱ አልሠራላትም። ይህን በብዙዎቻችን ዘንድ እናየዋለን። በየሦስት ወሩ ለእናታችን የደም ብዛት መድኃኒት መግዣ እንልካለን። «እማዬ፣ እንዳታቋርጪ፣ ጨው ቀንሺ» ብለን በስልክ እንቆጣለን። የራሳችንን ግፊት ተለክተን አናውቅም። ለምን? ምክንያቱም እናታችን በዓይናችን ሰው ናት፤ እኛ ደግሞ ለራሳችን የገንዘብ መላኪያ ሆነናል። አባባሉ ከበዳችሁ ይቅርታ፤ እኛም የራሳችንን ነው የጻፍነው።

ሕመም ያገኘው ሰው ሥራውን እንዴት እንደሚያይ በሌሎች አገሮችም ተጠንቷል። ማይክል በሪ የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር የመገጣጠሚያ ሕመም የጀመራቸውን ሰዎች አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የማይለቅ ሕመም ከሥጋው ይልቅ የሰውየውን የሕይወት ዕቅድ እንደሚሰብር አሳይቷል። «እስከዚህ ዓመት እሠራለሁ፣ ከዚያ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ያሰበው ሁሉ ድንገት ይናጋል። ለእኛ ይህ እጥፍ ነው። ማናችንም ያለ ዕቅድ አልወጣንም። ሦስት ዓመት ለእዳ፣ ሁለት ዓመት ለቤት፣ አንድ ዓመት ለእኅቴ ትምህርት እያልን በጣት ቆጥረን ነው የመጣነው። «ስኳር አለብሽ» ስንባል የምንሰማው ስለ ደማችን ሳይሆን ስለዚህ ቆጠራ ነው። ስለዚህ አንዷ ትክዳለች፤ «መሣሪያው ነው» ትላለች። ሌላዋ «በቃ፣ አልቆልኛል» ብላ ሻንጣ ታሰናዳለች። ሌላዋ ደግሞ «ከመታመሜ በፊት ልጨርስ» ብላ ሥራ ትጨምራለች፤ በቀን አንድ ቤት የነበረው ሁለት ይሆናል፤ እንቅልፏ አራት ሰዓት ይሆናል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ግፊትንም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ቆጠራውን ለማዳን ያደረገችው ቆጠራውን ያሳጥረዋል።

«ሥራው ራሱ መድኃኒቴ ነው፤ ስቀመጥ ነው የሚያመኝ» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳርን ስለሚጠቀም እንቅስቃሴ ስኳርን ያወርዳል፤ ለደም ብዛትም ይረዳል። ቤት መወልወል፣ ደረጃ መውጣት እንቅስቃሴ ነው። ይሁን እንጂ ስኳር የሚያወርድ ኪኒና ወይም ኢንሱሊን የምትወስድ ሴት ሳትበላ ከባድ ሥራ ስትሠራ መድኃኒቱም ሥራውም በአንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ያች እኅት በረንዳ ላይ የወደቀችው በዚህ ነው። ሥራውን መተው አልነበረባትም፤ መብላት ነበረባት።

እንግዲህ ወደ ፍርሃቱ እንምጣ፤ ፍርሃቱ ባዶ አይደለምና። ሕመሟን ተናግራ በሳምንቱ ወደ ቢሮ የተመለሰች እኅትም እናውቃለን። ስለዚህ «ሁላችሁም ተናገሩ» ብለን በጅምላ መምከር አንችልም። ነገር ግን አንድ ቃል ልብ እንድትሉ እንፈልጋለን። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ለሚገቡ ሰዎች በሚያደርጉት የጤና ምርመራ ደንብ ውስጥ ተቀባይነት ከሚያሳጡት መካከል የተጻፈው «ቁጥጥር ያልተደረገበት ስኳር» እና «ቁጥጥር ያልተደረገበት ደም ብዛት» ነው። ስኳር ወይም ደም ብዛት ብቻ ተብሎ አልተጻፈም። ስለዚህ ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ሕመም ኖሯቸው አንዷ ልታልፍ ሌላዋ ልትወድቅ ትችላለች፤ ልዩነቱ መድኃኒቱን መውሰድና አለመውሰድ ነው። ሥራዬን ላለማጣት ብዬ ደበቅሁ የምትለው እኅት መድኃኒትም አብራ ስለምትደብቅ፣ ያለ ቁጥጥር ወደሚለው ወገን ራሷን እየገፋች ነው።

መብትንም በሚመለከት ጥቂት እንበል። በሊባኖስ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የወጣው ወጥ የሥራ ውል አሠሪው ለሠራተኛዋ የጤና መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ በሐኪም ማስረጃም ግማሽ ወር ከሙሉ ደሞዝ፣ ግማሽ ወር ከግማሽ ደሞዝ ጋር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። መድኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሆስፒታል ለመተኛትና ለአደጋ ነው፤ የወር ኪኒናን አይሸፍንም። ካርዱ በማን እጅ እንዳለና ምን እንደሚሸፍን ሳትታመሙ ጠይቁ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የምትገኙ ደግሞ በ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ መሠረት በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አላችሁ፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ደሞዝ ያለው፣ ቀሪው ያለ ደሞዝ ነው። በወረቀት ያለው ሁሉ በቤት ውስጥ እንደማይገኝ እናውቃለን። ቢሆንም «ሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር የለም» ለምትል ማዳም፣ መኖሩን አውቆ ዝም ማለትና ሳያውቁ ዝም ማለት አንድ አይደለም።

መናገሩን በሚመለከት የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ደም ብዛት በቀን በአንድ ኪኒና የሚያዝ ከሆነና ሥራችሁን የማይነካ ከሆነ ለመናገር መቸኮል አያስፈልግም። ስኳር የሚያወርድ ኪኒና ወይም ኢንሱሊን የምትወስድ፣ የሚጥል በሽታ ያለባት፣ አስሟ የሚነሣባት እኅት ግን ቢያንስ አንድ የቤቱ ሰው ሊያውቅላት ይገባል፤ ስትወድቅ የሚያነሣት እርሱ ነውና። ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ስለሚፈልግ ደብቆ መኖርም አይቻልም። ስትናገሩ ከሐኪም ወረቀት ጋር ይሁን፤ እንግዳ በመጣበት ወይም ማዳም በተቆጣችበት ሰዓት አይሁን። «ታምሜያለሁ» ከማለት «መድኃኒት አለኝ፣ በሰዓቱ ከበላሁ ሥራዬን እሠራለሁ» ማለት ይሻላል። በሊባኖስ «መዒ ሱክሪ» (ስኳር አለብኝ)፣ «መዒ ደግጥ» (ደም ብዛት አለብኝ)፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ «ዐንዲ ሱካር»፣ «ዐንዲ ደግጥ» ብትሉ ይገባቸዋል። ብዙ ቤት ውስጥ አያቱ ወይም አባትየው ያው ሕመም አለባቸው፤ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

የሚጥል በሽታ ያለባት እኅት መሰላል ላይ ወይም መስኮት ደፍ ላይ ወጥታ መስታወት አትጥረግ። ይህ ልመና የለውም፤ ከመናገር የሚመጣ ማናቸውም ችግር ከዚያ ከፍታ ከመውደቅ ይቀላል።

ስኳር ሲወርድ የሚደረገውን ሁላችሁም፣ በሽታው የሌለባችሁም፣ እወቁት። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ነው። ሲለካ ከ70 በታች ነው፤ መሣሪያ ከሌለ ግን መለኪያ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ መጠጣት፤ 15 ደቂቃ መቀመጥ፤ ካልተሻለ መድገም፤ ከዚያ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ መብላት ነው። ራሷን ለሳተች ሰው በአፏ ምንም አይሰጥም፤ ያንቃታል። በጎኗ አስተኝታችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ በሊባኖስ 140፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112 ነው። ሁለት ከረሜላ በሽርጥ ኪስ መያዝ ማንንም አያስቆጣም።

ምግባችን የራሳችን አለመሆኑ ትልቁ ችግር ነው። የምንበላው እነርሱ በበሉበት ሰዓት፣ እነርሱ ያስተረፉትን ነው፤ ብዙ ጊዜ ነጭ ሩዝና ዳቦ ይሆናል። ሻዩ በስኳር የወፈረ ነው። ከቢሱ፣ ዘይቱኑ፣ ጅብናው፣ የማጊ ኩቡ ሁሉ ጨው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ጨው፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው የሚመክረው። ሁሉን መለወጥ አንችልም። የሻዩን ስኳር መተው ግን በእጃችን ነው፤ ሰላጣ በማይጠፋበት ቤት ከሩዙ ቀንሶ ከሰላጣው መጨመርም እንዲሁ።

በረመዳን የቤቱ ሰዓት ይገለበጣል። ክርስቲያን ብንሆንም ቀን ምግብ ስለማይሠራ ሳንበላ እንውላለን፤ ሌሊት ደግሞ እስከ ሱሑር እንቆማለን። መድኃኒት የምትወስዱ እኅቶች ረመዳን ከመግባቱ በፊት ስለ ሰዓቱ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ፤ ለቀን የሚሆን ምግብም ከማዳም ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የራሳችንም ጾም አለ። ሁዳዴን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ፣ ኢንሱሊን እየተወጉ የሚጾሙ አሉ። ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው ላይ ይህን አልጫነችም። ንስሓ አባታችሁን ጠይቁ፤ በስልክም ቢሆን። በመድኃኒት ሰዓት መብላት ጾም መሻር ነው ብላችሁ በራሳችሁ ላይ አትፍረዱ።

ጸበልን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። «ጸበል ስጠመቅ መድኃኒት ከወሰድኩ እምነቴ ጎደለ» የሚል አስተሳሰብ ብዙ ሰው ጎድቷል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አሳስበው ነበር። ለስኳርና ለደም ብዛት የተለየ ሕግ የለም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብርና መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን እንድናስተውል ያስተምራል። አብሽና ሽፈራውም ቢሆኑ ከኪኒናው ጋር እንጂ በኪኒናው ፋንታ አይሁኑ፤ የምትወስዱትንም ለሐኪሙ ንገሩት።

ስለ መድኃኒት ራሱ አንድ ሁለት ነገር እንጨምር። «ተሽሎኝ ተውኩት» የሚለው ቃል በደም ብዛት ላይ አይሠራም። የተሻለው መድኃኒቱ ስላለ ነው፤ ሲተውት ግፊቱ ይመለሳል፤ ሲመለስም እንደ መጀመሪያው አይናገርም። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል፣ አምሎዲፒን ደግሞ የቁርጭምጭሚት እብጠት ሊያመጣ ይችላል። ይህ ሲሆን መድኃኒቱን ጥላችሁ ዝም አትበሉ፤ ሌላ ዓይነት አለና ሐኪሙ እንዲቀይርላችሁ ንገሩት። ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ሁሉም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ፣ በብዙ ፋብሪካዎች የሚሠሩና ዋጋቸው ከሌሎች የሚቀል ናቸው። ፋርማሲ ስትሄዱ በፋብሪካው ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ ስም ጠይቁ፤ ርካሹም ያው መድኃኒት ነው። በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሊባኖስ መድኃኒት ከፋርማሲ በጠፋ ጊዜ የተቸገርነውን የምታስታውሱ፣ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን አንድ ወር ሲቀረው ፈልጉ። አገር ቤት ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ መድኃኒታችሁ ከእነ ሐኪም ማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይሁን። በተለይ ኢንሱሊን በሻንጣ ከተጫነ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ሊበርድና ሊበላሽ ይችላል። ማቀዝቀዣ ውስጥም ከበረዶው ሳጥን አርቁት።

አስም ላለባችሁ፦ በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ወይም አሞንያ ካለበት ነገር ጋር አትቀላቅሉ። ድብልቁ የሚያወጣው ጋዝ ጤነኛውንም ያፍናል፤ አስም ያለባትንማ እዚያው ሽንት ቤት ውስጥ ሊያስቀራት ይችላል። መስኮት ከፍታችሁ፣ አንዱን በውኃ በደንብ አጥባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሌላውን ተጠቀሙ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ በባዶ እግር በረንዳ አትጠቡ፤ ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ስንጥር ወግቷችሁ ሳታውቁ ልትውሉ ትችላላችሁ። ማታ ማታ የቴታን እግር እንደምታዩ የራሳችሁንም ተመልከቱ።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት አዘጋጁ። ስማችሁ፣ የሕመማችሁ ስም፣ የመድኃኒታችሁ ስምና መጠን፣ የምትደውሉላት እኅት ስልክ በዐረብኛ ፊደል ይጻፍበት። ዐረብኛ መጻፍ የማትችሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብቅ በሉ፤ የሚጽፍላችሁ ሰው አለ። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ኑ፤ ስሙን ከዚያ ላይ እንገለብጠዋለን። ወረቀቱ በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በየቀኑ በምትለብሱት ልብስ ኪስ ይቀመጥ፤ ልብስ ስታጥቡ ማውጣቱን አትርሱ።